ሻምበል አበበ ቢቂላ ከድሉ በኋላ

በእመቤታችን ዘሉርድ ስም የተሰየመው የአታት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሠረተ። በዚያው ዓመት አገራችን ታላቁን ልጇን ሻምበል አበበ ቢቂላን በአልጋ ላይ ወድቆ አየችው።

አበበ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ በማራቶን ድል ማድረጉን የማያውቅ የለም። እኛ ልናስታውስ የወደድነው ብዙ የማይነገርለትን የኋለኛ ዘመኑን ነው።

በመጋቢት 1969 በሌሊት ሲጓዝ መኪናው ተገለበጠችና ኅብለ ሰረሰሩ ክፉኛ ተጎዳ። መጀመሪያ እጆቹም አልታዘዙለትም ነበር። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። እጆቹ ዳኑለት፤ እግሮቹ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተመለሱለትም።

እርሱም ድሉን እንደ ተቀበለ ሁሉ ጉዳቱንም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ ተቀበለ። ይሁን እንጂ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1970 በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1971 በኖርዌይ በበረዶ ላይ በተደረገ የውሻ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። በጥቅምት 1973 በ41 ዓመቱ አረፈ።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ከጽኑ የነርቭ ሕመም ተርፈው፣ ድካሙና መደንዘዙ ግን ሳይለቃቸው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ወገኖች በየመንደራችን አሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ቤታቸው በጠያቂ ይሞላል፤ ዓመት ሲያልፍ ግን ደጃቸው ጭር ይላል። እንግዲህ ካቴኪስቶችም ሆንን ምእመናን ጥየቃችንን አናቋርጥ። ያጡትን ብቻ እያነሣን ከንፈር ከመምጠጥ ይልቅ፣ በቀረላቸው ኃይል እንዲሠሩ እንርዳቸው።