ጉስታፍ ዛንደር

ዮናስ ጉስታፍ ቪልሄልም ዛንደር (ማርች 29 ቀን 1835 – ጁን 17 ቀን 1920) የስዊድን ሐኪምና የአካል ማገገሚያ መሣሪያዎች ፈልሳፊ ነበር። በጉዳት፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በረጅም የአልጋ ቆይታ የደረቀን መገጣጠሚያ በተመጠነ እንቅስቃሴ ለማላላት በርካታ መሣሪያዎችን ሠርቷል። በዛሬ ጊዜ በስፖርት ማዘውተሪያ ቤቶችና በፊዚዮቴራፒ ክፍሎች ለሚታዩ ብዙ መሣሪያዎች ከመጀመሪያዎቹ አባቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የወጣትነት ዘመንና ትምህርት

ዛንደር የተወለደው በስቶክሆልም ከተማ ነው። በዚያ ዘመን ስዊድን በፔር ሄንሪክ ሊንግ ጂምናስቲክ የታወቀች አገር ነበረች። ሊንግ በ1813 በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ማዕከላዊ ተቋም አቋቁሞ ነበር። በእርሱ ዘዴ ባለሙያው የታማሚውን እጅ ወይም እግር በእጁ ይዞ ያንቀሳቅሳል፤ ወይም ታማሚው ሲገፋ ባለሙያው በተቃራኒው እየገፋ ጡንቻውን ያሠራዋል።

ወጣቱ ዛንደር እህቶቹ በሚመሩት የሴቶች ትምህርት ቤት ጂምናስቲክ ሲያስተምር የዚህን ዘዴ ችግር በራሱ ሥራ ተመለከተ። ተማሪዎቹ ብዙ ነበሩ፤ እርሱ ደግሞ አንድ ሰው ነው። ለእያንዳንዷ ልጅ የሚበቃትን ያህል ኃይል በእጁ መስጠት አልቻለም። የደከመ እጅ እንዳልደከመው እኩል አይገፋም፤ ትናንት የተሰጠው ኃይል ስንት እንደነበረም በልክ ማወቅ አይቻልም። ከዚህ ተነሥቶ የባለሙያውን እጅ በመሣሪያ መተካት ይቻል እንደሆነ ማሰብ ጀመረ። የሕክምና ትምህርቱን በ1864 ካጠናቀቀ በኋላ ሐሳቡን በሥራ ለማዋል ተነሣ።

የስቶክሆልሙ ተቋምና መሣሪያዎቹ

ዛንደር በ1865 በስቶክሆልም የመጀመሪያውን ተቋም ከፈተ። መሣሪያዎቹ በሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ሊከፈሉ ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ታማሚው በራሱ ጡንቻ ይሠራል። በመሣሪያው ላይ ዘንግ፣ በዘንጉም ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት ክብደት አለ። ክብደቱ ከዘንጉ መዞሪያ ሲርቅ ሥራው ይከብዳል፤ ሲቀርብ ይቀልላል። ስለዚህ ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ታማሚ የሚገባውን ልክ ወስኖ ይጽፋል፤ ታማሚው እየበረታ ሲሄድም ልኩን ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። ጡንቻ በእንቅስቃሴው መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ እኩል ጉልበት ስለሌለው፣ ዛንደር ዘንጎቹን ከዚህ ጋር የሚስማሙ አድርጎ ሠራቸው።

በሁለተኛው ዓይነት ታማሚው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ መሣሪያው በእንፋሎት ሞተር እየተነዳ እግሩን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ያሻል ወይም ያንቀጠቅጣል። በራሱ ኃይል መታጠፍ ያቃተው ጉልበት ወይም ክርን መጀመሪያ በዚህ መንገድ እንዲንቀሳቀስ ይደረግ ነበር።

ዛንደር መሣሪያዎቹን በፊደል መደባቸው፤ ለክንድ፣ ለእግር፣ ለወገብና ለሌላውም ክፍል የየራሳቸው ምድብ ነበራቸው። በ1877 በአምስት የስዊድን ከተሞች 53 ዓይነት መሣሪያዎች በሥራ ላይ ነበሩ። በዘመኑ በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ታማሚዎቹ ሙሉ ልብስ ወይም ረጅም ቀሚስ እንደለበሱ በመሣሪያዎቹ ላይ ረጋ ብለው ተቀምጠው ይታያሉ።

የሊንግ ተከታዮች የሰው እጅ የታማሚውን ሕመም ይረዳል፣ ብረት ግን አይረዳም በማለት ተቃወሙት። ዛንደር በበኩሉ መሣሪያ አይደክምም፣ ልኩ ይታወቃል፣ አንድ ሐኪምም በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ማከም ይችላል ሲል ተከራከረ።

ከስዊድን ውጭ

መሣሪያዎቹ በ1876 በፊላደልፊያ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ቀርበው ተሸለሙ። ከዚያ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ የዛንደር ተቋማት ተከፈቱ። ፍልውኃ ያላቸው ከተሞች በተለይ ወደዷቸው፤ በጀርመን ባደን-ባደን፣ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ካርሎቪ ቫሪ፣ በአሜሪካም አርካንሶ ውስጥ በሆት ስፕሪንግስ ከተማ ተተክለው ነበር። ዛንደር ራሱ በ1880 በካሮሊንስካ ተቋም መምህር ሆነ።

በዚሁ ዘመን ሐኪሞች ስለተጎዳ መገጣጠሚያ አልተስማሙም ነበር። በእንግሊዝ ሂዩ ኦወን ቶማስ የተጎዳው አካል ለረጅም ጊዜ ያለ ምንም እንቅስቃሴ እንዲያርፍ ያስተምር ነበር። በፈረንሳይ ደግሞ ዡስት ሉካ-ሻምፒዮኒዬር ስብራትም ቢሆን ቶሎ መንቀሳቀስ አለበት ይል ነበር። የዛንደር መሣሪያዎች ለእንቅስቃሴ ደጋፊዎች ጥሩ አጋዥ ሆኑላቸው።

የተጎዱ ሠራተኞች ጉዳይ

ጀርመን በ1884 የሥራ አደጋ መድን ሕግ አወጣች። በሕጉ መሠረት በአደጋ ምክንያት ፈጽሞ መሥራት ላቃተው ሠራተኛ ከደመወዙ ሁለት ሦስተኛው አበል ሆኖ ይከፈለው ነበር። በከፊል የሚሠራ ከሆነ አበሉ ይቀንሳል። ስለዚህ የደረቀ ጉልበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ የገንዘብ ጉዳይም ሆነ። የመድን ማኅበራቱ የተጎዱትን ሠራተኞች የዛንደር መሣሪያዎች ወዳሉባቸው ተቋማት መላክ ጀመሩ።

ብዙዎች በዚህ ተጠቅመው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ሌሎች ግን ተቋማቱን በጥርጣሬ ተመለከቷቸው። ሕመሙ ሳይለቃቸው ድነዋል ተብለው አበላቸው እንዳይቀነስ ፈሩ፤ ለተቋማቱም የማሾፊያ ስም አወጡላቸው። ታማሚውን ለመርዳት የተፈለሰፈው መለኪያ በታማሚው ላይ ማስረጃ ሊሆንም እንደሚችል በዚህ ታየ።

የመጨረሻ ዓመታት

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወቅት የቆሰሉ ወታደሮችን መገጣጠሚያ ለማላላት ይህን የመሰሉ መሣሪያዎች በብዙ አገሮች አገልግለዋል። ይሁን እንጂ የዛንደር መሣሪያዎች ውድና ግዙፍ ስለነበሩ በዝቅተኛ ወጪ በሚሠሩ ገመድና መዘውሮች፣ እንዲሁም በፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች እጅ እየተተኩ ሄዱ። ዛንደር በ1920 በ85 ዓመቱ አረፈ።

ትሩፋት

ዛንደር ሲሞት የዛሬው ዓይነት ሙሉ የጉልበት መገጣጠሚያ መተካት ገና አልነበረም፤ ይህ ቀዶ ሕክምና በስፋት የተለመደው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጉልበቱ ያብጣል፤ ሕመሙን ፈርቶ እግሩን ሳያንቀሳቅስ በቆየ ሰው መገጣጠሚያ ውስጥም ጠባሳ ሊበዛ ይችላል። ከወንበር መነሣትና ደረጃ መውረድ ጉልበቱ 90 ዲግሪ ያህል ወይም ከዚያ በላይ እንዲታጠፍ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ የደረቀ ጉልበት የዕለት ኑሮን ያውካል።

ካናዳዊው ሐኪም ሮበርት ሶልተር ከ1970 ጀምሮ በቶሮንቶ ባደረገው ጥናት፣ ያለማቋረጥ በቀስታ የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ የተሻለ እንደሚድን በጥንቸሎች ላይ አሳየ። ከዚህ በኋላ የታካሚውን እግር አስተኝቶ በሞተር እያጠፈ የሚዘረጋ መሣሪያ ወደ ሆስፒታሎች ገባ፤ በመሠረቱ የዛንደርን ሁለተኛ ዓይነት መሣሪያዎች ይመስላል። ነገር ግን በጉልበት መተካት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ መሣሪያው የጉልበቱን መታጠፍ በአማካይ በ2 ዲግሪ ያህል ብቻ ያሻሽላል፤ ይህም በኑሮ ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም። በዚህም ምክንያት ዋናው ሕክምና ታካሚው ራሱ በባለሙያ ምክር የሚሠራው እንቅስቃሴ ሆኖ ቀጥሏል።

የዛንደር ሥራ በዚህ ረገድ ሁለት ገጽታ አለው። ሞተሩ ታማሚውን ተክቶ ይሠራል የሚለው ተስፋው በከፊል ብቻ ተሳክቷል። እንቅስቃሴ እንደ መድኃኒት በልክ መሰጠት፣ ከታማሚው አቅም መነሣትና ቀስ በቀስ መጨመር አለበት የሚለው መርሑ ግን እስካሁን የማገገሚያ ሕክምና መሠረት ነው።