ፖል ቤርና የአየር ግፊት

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ የቆላ ሰው፣ መንገዱ ከፍ እያለ በሄደ መጠን ትንፋሹ ማጠሩን፣ ራሱንም ማመሙን መናገሩ የተለመደ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቆረቆረች ናት፤ የራስ ዳሸን ጫፍ ደግሞ ከ4,500 ሜትር ያልፋል። በ3,500 ሜትር ላይ ገብሱን የሚዘራው የስሜን ገበሬ ግን ያንኑ ስስ አየር እየሳበ ከነሸክሙ ዳገቱን ይወጣዋል። የአየር ግፊት ሲቀንስም ሆነ ሲበዛ በሰው አካል፣ ይልቁንም በነርቭ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በሙከራ ለይቶ ያስረዳው ፈረንሳዊው ፖል ቤር ነው። ስሙን ይበልጥ የሚያነሡት ሐኪሞች ቢሆኑም፣ የድልድይ መሐንዲሶች ለዚህ ሰው ያለባቸው ዕዳ ከሐኪሞቹ አያንስም።

ቤር በ1833 ኦሴር በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በወጣትነቱ መሐንዲስ ለመሆን አስቦ ወደ ፓሪሱ ኤኮል ፖሊቴክኒክ አመራ፤ ሐሳቡን ለውጦ ሕግ አጠና፤ ያንንም ትቶ በመጨረሻ ወደ ሕያዋን ጥናት ዞረ። በታላቁ የፊዚዮሎጂ ሊቅ በክሎድ ቤርናር ሥር ሠልጥኖ በ1863 በሕክምና፣ በ1866 በሳይንስ የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ። በ1869 በሶርቦን የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ።

በዚያ ዘመን የወንዝ ድልድይ ሠሪዎች አንድ እንቆቅልሽ ገጥሟቸው ነበር። ከ1840 አካባቢ ጀምሮ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ትሪዤ ባስገኘው ዘዴ፣ ካይሶን የሚባል ታቹ ክፍት የሆነ ትልቅ ሣጥን ወደ ወንዝ አልጋ ይወርዳል፤ ውሃው እንዳይገባ የታመቀ አየር ይሞላበታል፤ ሠራተኞችም በውስጡ ሆነው መሠረቱን ይቆፍራሉ። ሥራው ሲታይ ግሩም ነበር። ይሁን እንጂ ሰዎቹ ከታች ሳሉ ደህና ሆነው፣ ወደ ላይ ከወጡ በኋላ መገጣጠሚያቸውን ያማቸዋል፤ አንዳንዶቹ ከወገባቸው በታች ሽባ ይሆናሉ፤ የሚሞትም አለ። በሜዲትራኒያን ባሕር ስፖንጅ የሚለቅሙ ጠላቂዎችም የመጥለቂያ ልብስ መልበስ ከጀመሩ ወዲህ ይኸው ዕጣ ደረሰባቸው። ሊቃውንቱ የአየሩ ክብደት ደምን ከቆዳ ወደ አንጎልና ወደ ኅብለ ሰረሰር እየገፋ ያጨናንቀዋል እያሉ ይገምቱ ነበር።

ቤር ግምቱን ትቶ መለካት ጀመረ። ለዚህ የሚያስፈልጉትን ውድ የብረት ክፍሎች በገንዘብ የረዳው፣ በሜክሲኮ ደጋ ብዙ ዘመን የሠራው ሐኪም ዡርዳኔ ነበር። ዡርዳኔ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚኖር ሕዝብ በኦክሲጅን ማነስ ደሙ የደከመ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ በዚህ አስተሳሰብ ጎንደሬውም ከደካሞቹ ወገን ሊቆጠር ነው። ቤር ከረጂው እምነት ይልቅ መሣሪያውን ተከተለ። በአንድ ወገን የእንስሳውን አየር አሳሳ፤ በሌላ ወገን ግፊቱን ሳይነካ በአየሩ ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን ድርሻ ብቻ ቀነሰ፤ ሁለቱም እንስሳት በአንድ ዓይነት ምልክት ታመሙ። እንግዲህ በሽታውን የሚያመጣው የአየሩ ክብደት ሳይሆን የኦክሲጅኑ ማነስ ነው ማለት ነው። በ1874 እርሱ ራሱ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ፣ ኦክሲጅን እየሳበ፣ ግፊቱን በባሕር ወለል ካለው ወደ አንድ ሦስተኛ አስወረደው፤ ይህም ከኤቨረስት ጫፍ ጋር የሚቀራረብ ነው።

ከዚያ በተቃራኒው ሄደ። ወፎችን ከ15 እስከ 20 እጥፍ በታመቀ አየር ውስጥ ቢያስገባ እየተንዘፈዘፉ ሞቱ፤ ሕይወት የሚሰጠው ኦክሲጅን ከልኩ ሲያልፍ የነርቭ መርዝ መሆኑ ታወቀ። ሐኪሞች ይህን መንዘፍዘፍ ዛሬም በእርሱ ስም ይጠሩታል።

ከሁሉ የበለጠው ግን የካይሶኑ ነገር ነው። ቤር ውሾችን በታመቀ አየር ካቆየ በኋላ ግፊቱን በድንገት ለቀቀው፤ በደማቸው ውስጥ አረፋ አገኘ፤ አረፋውን መርምሮ አብዛኛው ናይትሮጅን መሆኑን አረጋገጠ። ነገሩ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው ነው፤ ክዳኑ እስካለ ድረስ ጋዙ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ አይታይም፤ ክዳኑ ሲነሣ ይፈላል። ናይትሮጅን ከውሃ ይልቅ በስብ ውስጥ ብዙ እጥፍ ስለሚሟሟ፣ በስባማ ሽፋን የተጠቀለሉት የኅብለ ሰረሰር ነርቮች ክፉኛ ይጎዳሉ፤ ከወገብ በታች ያለው ሽባነትም ከዚህ የተነሣ ነው። ፈውሱም ከምክንያቱ ተገኘ፦ ግፊቱን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ የታመመውን መልሶ ወደ ግፊት ማስገባት፣ ኦክሲጅን ማስተንፈስ።

ይህን ሁሉ ከ1,000 ገጽ በላይ በሆነው የአየር ግፊት መጽሐፉ በ1878 አሳተመው። ዘግይቶ ነበር። በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ድልድይ ሲሠራ፣ በ1870ና 1871፣ ወደ 30 ሜትር ዝቅ ብለው የቆፈሩ ከአሥር የሚበልጡ ሠራተኞች ሞተዋል። የብሩክሊን ድልድይ ዋና መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግም በ1872 በዚሁ በሽታ ተመትቶ አልጋ ላይ ሲውል፣ ሥራውን በባለቤቱ በኤሚሊ አማካይነት መምራት ግድ ሆኖበታል። ይልቁንም የሚያሳዝነው መጽሐፉ ከወጣ በኋላ የሆነው ነው፤ የሥራ ተቋራጭ ሠራተኛውን ለማውጣት የሚጠፋውን ሰዓት እንደ ኪሳራ ይቆጥረው ስለነበር፣ ሰው መሽመድመዱ ቀጠለ። ስኮትላንዳዊው ሃልዴን ለጠላቂዎች የደረጃ በደረጃ አወጣጥ ሠንጠረዥ ያወጣው በ1908 ነው።

ምክር ዘግይቶ መድረሱ በቤር ሕይወት ሌላም ጊዜ ታይቷል። መሐንዲሱ ክሮሴ ስፒኔሊና የባሕር መኰንኑ ሲቬል በእርሱ የብረት ክፍል ተለማምደው፣ ከጋስቶን ቲሳንዲዬ ጋር በሚያዝያ 1875 ዜኒት በተባለ ባሎን ወደ ሰማይ ወጡ። ቤር ከፓሪስ ውጭ ሳለ የያዙት ኦክሲጅን እንደማይበቃቸው በደብዳቤ አስጠነቀቀ፤ ደብዳቤው በጊዜው አልደረሰም። ወደ 8,000 ሜትር ሲቃረቡ ቲሳንዲዬ የኦክሲጅኑን ቱቦ ሊይዝ ፈልጎ እጁ አልታዘዘው አለ። እርሱ ተረፈ፤ ሁለቱ ጓደኞቹ ግን ሞቱ። ጠላቂውን የሚያሽመደምደው አረፋ፣ ወደ ላይ የሚወጣውን ደግሞ የኦክሲጅን ማነስ ነው፤ የሁለቱም ምት የሚያርፈው በነርቭ ላይ ነው።

በዚያው ፓሪስ ሻርኮ በ1868 መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለውን የነርቭ በሽታ ለይቶ ገልጾ ነበር። ይህም የነርቭን ስባማ ሽፋን የሚበላ በመሆኑ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ አንዳንድ ሐኪሞች ከጠላቂዎች ሕመም ጋር አመሳስለውት፣ ታማሚዎችን በታመቀ ኦክሲጅን ለማከም ሞከሩ። በ1983 የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት ተስፋ ሰጠ፤ ተከትለው የመጡት ሰፋፊ ጥናቶች ግን ጥቅም አላገኙበትም። መመሳሰል ለብቻው ማስረጃ እንደማይሆን ቤር ራሱ ያውቅ ነበር።

ቤር ፖለቲከኛም ነበር። የምክር ቤት አባል፣ ከ1881 መጨረሻ እስከ 1882 መጀመሪያ ለጥቂት ወራት የትምህርት ሚኒስትር ሆነ፤ ለነፃና ለግዴታ ትምህርት ታገለ። ይኸው ሰው ለተማሪዎች በጻፋቸው መጻሕፍት የሰውን ዘር በደረጃ ከፍሎ ጥቁሩን ከነጩ በታች አስቀመጠ። በላቦራቶሪው ውስጥ የሰማውን ሁሉ ሲመዝን የኖረ ሊቅ ይህን ሳይመዝን መቀበሉ ሊታለፍ የሚገባው ነገር አይደለም። በ1886 የአናምና የቶንኪን ዋና ገዥ ሆኖ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ተላከ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ በሃኖይ በተቅማጥ በሽታ ሞተ።

ከመሞቱ አራት ዓመት በፊት ከቦሊቪያ ደጋ፣ ከላ ፓዝ፣ የእንስሳት ደም አስመጥቶ መርምሮ ነበር። ደሙ ከቆላ እንስሳት ደም የበለጠ ኦክሲጅን የመያዝ ችሎታ እንዳለው አገኘ፤ የደጋ ኑሮ ደምን ያወፍራል የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ ተነሥቶ ተስፋፋ። በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በስሜን፣ አምባራስ በተባለው መንደር በ3,530 ሜትር ላይ 236 ነዋሪዎችን መርምረው ያሳተሙት ውጤት ግን ሌላ ነው። የአምባራስ ሰው ሄሞግሎቢን ከባሕር ጠረፍ ነዋሪ እምብዛም አይለይም፤ ደሙም ከኦክሲጅን የመሸከም አቅሙ 95 በመቶ ያህሉን ሞልቶ ተገኝቷል። ይህ የደሙን ይዞታ ሳይለውጥ በስስ አየር የሚኖር ሕዝብ፣ ቤር ከላ ፓዝ ባገኘው ደንብም ሆነ በዡርዳኔ ግምት አልተፈታም።