ሻምበል አበበ ቢቂላና የሩጫ ባልደረቦቹ

በብስክሌት እሽቅድድም ብዙ ተወዳዳሪ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ሲጋልብ፥ ከፊት የሚነዳው ነፋሱን ይቀበላል፤ ከኋላው ያለው ባልደረባው ጉልበቱን ይቆጥባል። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ገረመው ደንቦባ 24ኛ ሲወጣ፥ የኢትዮጵያ ቡድን 9ኛ የሆነው የሦስት ጋላቢዎች ደረጃ ተደምሮ ነው። ማራቶን ግን እንዲህ ያለ ድምር ስለሌለው የአንድ ሰው ብቻ ሥራ ይመስለናል። የሻምበል አበበ ቢቂላን ሕይወት ስንመረምር ይህ አሳባችን ጎደሎ ሆኖ እናገኘዋለን።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፥ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ፥ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ለአካለ መጠን ሲደርስ በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን በዚያ ዘመን ሯጮቹን ያሠለጥኑ ነበር። ስለዚህ አበበ ሩጫን የተማረው ከነማሞ ወልዴ ጋር እየተፎካከረና አብሮ እየደከመ ነው።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮም ለማራቶን ተሰለፈ። የመጀመሪያው ዕቅድ የተለወጠው ገና ሩጫው ሳይጀመር ነው። በዚያው ከተማ የገዛው ጫማ እግሩን ስላቆሰለው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ቈረጠ። ሁለተኛው ደግሞ በመንገድ ላይ ተለወጠ። ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን በ26 ቁጥር ለይቶ እንዲጠባበቀው ተነግሮት ሳለ፥ ራዲ የለበሰው 185 ኖሯል። አበበ 26 ቁጥርን ፍለጋ ብዙዎችን እያለፈ ወደ ፊት ገሠገሠ፤ የሚፈልገው ሰው ግን ለካስ ከጎኑ የሚሮጠው ነበር። አበበም ያልመጣውን ቁጥር ቆሞ አልጠበቀም፤ በአጠገቡ ካገኘው ብርቱ ሰው ጋር እርምጃውን አስተካክሎ ሮጠ። በወረራው ዘመን ከአገራችን ተወስዶ በዚያ ቆሞ በነበረው፥ በ1997 ዓ.ም. በተመለሰው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ሲደርስ ጥሎት ሄደ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። በዚያው ምሽት ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ 7ኛ መውጣቱን ግን ከመካከላችን ስንቱ ያስታውሳል?

ወደ ቶክዮ ለመሄድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የትርፍ አንጀት ሕመም ያዘውና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ልምምዱ ተቋረጠ፤ ተስፋው ግን አልተቋረጠም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሁለተኛው የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በዚህ ሩጫ ደምሴ ወልዴ 10ኛ ሲወጣ፥ ማሞ ወልዴ አቋርጦ ወጣ። አንባቢ ይህን የማሞን ነገር ልብ ይበል።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ የሁሉም ተስፋ አበበ ለሦስተኛ ጊዜ እንዲያሸንፍ ነበር። እግሩ ግን ታሞ ስለ ነበረ ወደ 17ኛው ኪሎ ሜትር ሲደርስ ማቆም ግድ ሆነበት። ርቀቱን እኛ የወልድያ ተማሪዎች በምናውቀው መንገድ እንለካው። ከመርሳ እስከ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ አበበ ከመርሳ ተነሥቶ እኩሌታውን ጥቂት እንዳለፈ ቀረ ማለት ነው። ማሞ ግን ወልድያ ደርሶ ገና 12 ኪሎ ሜትር ይጠብቀው ነበር። ማሞ በኋላ እንደ ተናገረው፥ አበበ ከመውጣቱ በፊት እንደማይጨርስ ነግሮ የማሸነፉን አደራ ለእርሱ አስተላለፈ። ማሞ ከአንድ ሳምንት በፊት በ10,000 ሜትር 2ኛ ወጥቶ ነበር፤ ድካሙን ችሎ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ገባ። መራዊ ገብሩም 6ኛ ሆነ። በቶክዮ ያቋረጠው አሸነፈ፤ በቶክዮ ያሸነፈው አቋረጠ፤ ድሉ ግን ከኢትዮጵያ እጅ አልወጣም።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አበበ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እርሱ ግን በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። እግሩ ሲከዳው በክንዱ መጣ ማለት ነው። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

እኛ ተማሪዎች ዕቅድ ማውጣት እንወዳለን፤ የዕቅዱን ሸክም ሁሉ በአንድ ብርቱ ጓደኛችን ትከሻ ላይ መጫንም ልማዳችን ነው። እርሱ በታመመ ዕለት ክበቡ ይዘጋል፥ ቡድኑም ይበተናል። በሜክሲኮ ማሞ ባይዘጋጅ ኖሮ የአበበ አደራ በመንገድ ዳር ይቀር ነበር። አበበም ክብሩን ብቻ አስቦ ዝም ብሎ ቢወጣ ኖሮ፥ ማሞ ተራው እንደ ደረሰ የሚነግረው አያገኝም ነበር። ስለዚህ በየማኅበራችን መሪ ስንመርጥ፥ መሪው ሲደክም አደራውን የሚቀበለውንም ሰው ከወዲሁ አብረን እናዘጋጅ።