ሐኪም ሳይሆን ሐኪሞችን ያስተማረው ኢሊያ ሜችኒኮቭ

ቪዲዮውን ለማየት ጊዜ ላጣችሁ፣ ታሪኩን በጽሑፍ ይዘን መጥተናል።

እሾህ ሲወጋን ቦታው ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። ይሄ እብጠት የሰውነት ውጊያ መሆኑን ያሳየን ኢሊያ ሜችኒኮቭ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1845 ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር፣ ካርኪቭ አካባቢ ተወለደ። ሙያው የእንስሳት ጥናት እንጂ ሕክምና አልነበረም። በ1873 የመጀመሪያ ሚስቱን የሳንባ ነቀርሳ ነጠቀችው። በ1881 ደግሞ በግርሻ ከታመመ ሰው ደም ወስዶ ራሱን ወጋ፤ ለጥቂት ተረፈ።

በ1882 ከኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ ለቅቆ ጣሊያን፣ መሲና ከተማ ገባ። እዚያ የባሕር ኮከብ የሚባለውን እንስሳ እጭ በማይክሮስኮፕ ያጠና ነበር። እጯ እንደ መስታወት ውስጧ ይታያል። አንድ ቀን ከመንደሪን ዛፍ እሾህ ቆርጦ ወጋት። በማግስቱ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳቷ እሾሁን ከበውታል! ልብ በሉ፣ ይቺ ፍጥረት የደም ሥር እንኳ የላትም፤ ያን እሾህም ከዚያ በፊት አታውቀውም። መከላከያዋ አብሯት የተፈጠረ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የውሃ ቁንጫን አጠና። ሕዋሳቷ የገባባትን ፈንገስ ቶሎ ከዋጡት ትድናለች፤ ፈንገሱ ከበዛባቸው ትሞታለች። እነዚህ በላተኛ ሕዋሳት ፋጎሳይት ተባሉ። እኛም ጋ ነጭ የደም ሕዋሳት ይሄን ሥራ ይሠራሉ።

ታዲያ ማን ይስማው? የዘመኑ ብዙ ሐኪሞች ነጭ ሕዋሳት ጀርም ተሸክመው ያዛምታሉ ብለው ያምኑ ነበር። የጀርመን ሊቃውንት ደግሞ መከላከያው ያለው በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ነው ብለው ተሟገቱት። ኦዴሳም የሕክምና ዲግሪ የለህም እያሉ አላስቀምጥ አሉት። በ1888 ፓሪስ ሄደ፤ ሉዊ ፓስተር በተቋሙ ላቦራቶሪ ሰጠው። በ1916 እስኪሞት እዚያው ሠራ።

በ1908 የኖቤል ሽልማትን ያገኘው ከማን ጋር እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከተቃራኒው ወገን ከነበረው ከፖል ኤርሊክ ጋር! ለካ ሁለቱም እውነት ነበራቸው። በላተኞቹ ቀድመው ይደርሳሉ፤ በደም ፈሳሽ ውስጥ ያሉት አንቲቦዲዎች ቆይተው ይመጡና ጀርሙ ላይ ተለጥፈው ለበላተኞቹ ያመቻቹታል።

በሰው አገር ከዜሮ ለምንጀምር ለእኛ ይሄ ታሪክ ትልቅ ነገር ይነግረናል። ወረቀት የለህም ተብሎ የተገፋው ሰው ያየውን ስላልለቀቀ ዛሬ ዓለም ይማርበታል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ጻፉልን። ቸር እንሰንብት!