ከ100 ስንት ነሽ?

ዴቪድ ካርኖፍስኪ የሚለውን ስም የካንሰር ሐኪም ዘመድ ካላችሁ ጥሩለት፣ ወዲያው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1914 የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ኒውዮርክ ሜሞሪያል ሆስፒታል የካንሰር ሕሙማንን ያክም ነበር።

ቀድሞ ለካንሰር የነበረው ሕክምና ቀዶ ጥገናና ጨረር ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ግን ናይትሮጅን መስታርድ የሚባል መድኃኒት መጣ። ለኛ ያን ያህል ባዳ አይደለም፤ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን ሕዝባችን ላይ ያዘነበችው የሰናፍጭ ጋዝ የቅርብ ዘመዱ ነው። (ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።) ካርኖፍስኪና ባልደረቦቹ መድኃኒቱን ለሳንባ ካንሰር ሕሙማን ሰጡ። እጢው ለጊዜው የሚቀንስላቸው ነበሩ። ግን ሰውየውስ? ተነስቶ ይሄዳል? ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ1948 ከ0 እስከ 100 የሚቆጥር መለኪያ ይዘው ብቅ አሉ። 100 ምንም የማይሰማው ጤነኛ፣ 0 የሞተ። 70 ራሱን ይችላል፣ ሥራ ግን አይሠራም። 50 ብዙ እርዳታና ቶሎ ቶሎ ሕክምና ያስፈልገዋል። ዛሬም ሐኪሞች ሕመምተኛው ኬሞ ይችላል ወይ ሲሉ ይጠቀሙበታል።

እኔ ያደግኩት ሆሳዕና ስለሆነ 70 ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ። ሥራ ማለት የቱ ነው? አንዲት የሀዲያ እናት ታጥባ፣ ለብሳ፣ ቡና አፍልታ ከዋለች ለሐኪሙ ደህና ናት። እንሰት መፋቅ ካቃታትና የመስቀሉን ቆጮ ጎረቤት ካዘጋጀላት ግን እሷ ራሷን ደህና ነኝ አትልም። የጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ደግሞ ክንዷ ሊያብጥ ይችላል፤ እንሰት የሚፋቀው በክንድ ጉልበት ነው። አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ለመታከም የሚወጣው የአውቶቡስና የአልጋ ብርም እዚያ ቁጥር ውስጥ የለም።

ትልቁ ነገር ግን ቁጥሩን የሚሰጠው ሐኪሙ መሆኑ ነው። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1993 ሕመምተኛው ራሱ የሚመልሰው 30 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አወጡ። እንቅልፉ፣ ድካሙ፣ ጭንቀቱ፣ የቤተሰብ ኑሮው፣ የገንዘብ ችግሩ ሳይቀር ይጠየቃል። ወደ አማርኛ ተመልሶ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ለጥናት ውሏል። ከምባትሳ ብቻ ለሚናገሩ አባት ግን አስተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ የገዛ ልጃቸው ነው። ይጨነቃሉ ወይ ብሎ ልጅ አባቱን ሲጠይቅ መልሱ ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቁታላችሁ፦ ኧረ ደህና ነኝ።

ካርኖፍስኪ ይህንን መጠይቅ ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1969 በ55 ዓመቱ አረፈ። የገደለው የሳንባ ካንሰር ነው፤ ያ መለኪያ መጀመሪያ የተሞከረበት በሽታ።