ያረጀ ጠመንጃ ይዞ ለንጉሥ ምኒልክ የቀረበው ባለቅኔ

በጅቡቲ ከተማ መሀል፣ ከገበያው አጠገብ የሚገኘው የማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ ቀድሞ የሚጠራው በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም ነበር። ከተማዋ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሞተው ራምቦ ግን በዚህ ቀጣና የኖረው በባለቅኔነት አልነበረም። እዚህ የሚታወቀው በነጋዴነቱ፣ ይልቁንም በጦር መሣሪያ ነጋዴነቱ ነው።

እአአ በ1854 ሻርልቪል የተወለደው ራምቦ ቅኔን እርግፍ አድርጎ የተወው ገና በወጣትነቱ ነበር። በሐምሌ 1873 ብራስልስ ውስጥ ወዳጁ ባለቅኔው ፖል ቬርሌን በሽጉጥ ተኩሶ የግራ እጁን አንጓ አቆሰለው። መሣሪያው ሌፎሾ የሚባል ባለ 7 ሚሊሜትር ስድስት ጎራሽ ነበር። ባሩዱ፣ እርሳሱና መለኮሻው በአንድ ቀለህ ተጠቃልለው ይጎርሳሉ። ያ ከሱቅ የተገዛ ተራ ሽጉጥ በ2016 ፓሪስ ውስጥ በጨረታ 434,500 ዩሮ አውጥቷል።

ራምቦ በ1885 ኤደን ላይ የቅጥር ሥራውን ለቅቆ ከፒየር ላባቱ ጋር ተሻረከ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አውሮፓ ከ40 ዓመት በፊት የተወቻቸውን ጠመንጃዎች ቤልጅየም ውስጥ ሊዬዥ ላይ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ገዝቶ ለሸዋው ንጉሥ በ40 ፍራንክ ገደማ መሸጥ። ትርፉን አስልቶ ለቤተሰቡ ጽፏል። ጠመንጃዎቹ ግን ባሩድና እርሳስ በአፈሙዝ የሚጠቀጠቅባቸው፣ መለኮሻው ለብቻው የሚደፋባቸው ነበሩ። በአሠራር ረገድ ያቺ የብራስልስ ርካሽ ሽጉጥ ትበልጣቸዋለች።

ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ገደማ ባከነ። መጀመሪያ የመሣሪያ ንግድ ተከለከለ፤ ግመል ጠፋ። ከዚያ ላባቱ በካንሰር ሞተ። አብሮት ሊጓዝ የነበረው ፖል ሶሌዬም ኤደን ላይ አረፈ። ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃዎችን በግመል ጭኖ የአፋርን በረሃ ብቻውን አቋረጠ፤ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ።

ምኒልክ በዚያ አልነበሩም፤ ሐረርን ድል አድርገው ወደ እንጦጦ እየተመለሱ ነበር። በዚያ ዘመን ምርጫቸው ተለውጧል። ሬሚንግተንን የመሰለ ከኋላ የሚጎርስ መሣሪያ የለመደ ገዢ ለጓንዴ ብዙ አይከፍልም። (ኋላ በሀገሬው ዘንድ ስመ ጥር የሆነው ውጅግራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው።) ንጉሡ ዕቃውን በጅምላ፣ በረከሰ ዋጋ ገዙ፤ የሟቹን የላባቱን ዕዳም ከሒሳቡ ቀነሱ። አበዳሪ ነን ባዮች ከየአቅጣጫው ተነሡ። የተረፈውን ገንዘብ ሐረር ላይ ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል ወረቀት ተሰጠው።

የሁለት ዓመት ድካም በኪሳራ አለቀ። ራምቦ በኋላ ሐረር ላይ በቡናና በቆዳ ንግድ ሲሠራ ቆይቶ በ1891 ጉልበቱ ታመመ። በቃሬዛ ወደ ጠረፍ ተወሰደ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር፣ በ37 ዓመቱ ሲሞት የሆስፒታሉ መዝገብ ነጋዴ ብሎ አሰፈረው።