ለይላ ቃሲም፦ ሁለት ቃል ኪዳን የታጠፈባት የኩርድ ልጅ

ግንቦት 4 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1974) በኢራቅ ዋና ከተማ በባግዳድ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአራት ወንድ ጓዶቿ ጋር በስቅላት ተገደለች። ስሟ ለይላ ቃሲም ነው። ጦር አልመራችም፤ ዝናዋም ከጦር ሜዳ የመጣ አይደለም። ይሁንና ኩርዶች ለመብታቸው የወደቁትን ሲዘክሩ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ያሰልፏታል፤ የኩርዲስታን ሙሽራ እያሉም ይጠሯታል።

ኩርዶች ቱርክ፣ ኢራን፣ ኢራቅና ሶሪያ በሚዋሰኑበት ተራራማ ምድር የሚኖሩ፣ የራሳቸው ቋንቋና ባህል ያላቸው ሕዝብ ናቸው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኦቶማን ግዛት ሲከፋፈል፣ እ.ኤ.አ. በ1920 የተፈረመው የሴቭር ውል የራሳቸውን አገር የሚመሠርቱበትን መንገድ ጠቁሞ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በቦታው የተተካው የሎዛን ውል ግን ጉዳዩን ጨርሶ ተወው። ከዚያ ወዲህ የኩርዶች ታሪክ የአመፅና የድርድር፣ የውልና የውል ማፍረስ ታሪክ ሆነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሴቶች ከለይላም በፊት ስም ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1854 ካራ ፋትማ የተባለች የጎሳ መሪ ለክሪሚያ ጦርነት ፈረሰኞቿን አስከትላ ኢስታንቡል ገብታለች። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ደግሞ አዴላ ኻኑም የሃላብጃን ከተማ አስተዳድራለች፤ ገበያ አሠርታለች፤ በችሎት ተቀምጣም ዳኝታለች። እነዚህ ሴቶች ግን የገዥ ወገን ነበሩ፤ ሥልጣናቸው ከትውልዳቸው ጋር የመጣ ነበር። ለይላ የአርሶ አደር ልጅ ናት።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1952 በምሥራቅ ኢራቅ፣ ከኢራን ድንበር አጠገብ በምትገኘው በኻናቂን አካባቢ ነው። አካባቢው የአልወንድ ወንዝ የሚያጠጣው የእርሻ ምድር ሲሆን፣ ከሥሩ ነዳጅ ዘይትም የሚወጣበት ነው። ወላጆቿ ፌይሊ ከሚባሉት ኩርዶች ወገን ናቸው። ፌይሊዎች አብዛኞቹ የሺዓ እምነት ተከታዮች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በኢራቅ ተወልደው፣ በኢራቅ አርሰውና ነግደው እየኖሩ የኢራን ሰዎች ናችሁ እየተባሉ ዜግነት ተነፍገዋል።

ለይላ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1958 በኢራቅ የንጉሡ አገዛዝ ወደቀ። አዲሱ መንግሥት ሁለት ታላላቅ ቃል ኪዳኖችን ገባ። የመጀመሪያው ለኩርዶች የተገባ ነው፤ ጊዜያዊው ሕገ መንግሥት ዐረቦችና ኩርዶች በአገሪቱ ተጋሪዎች መሆናቸውን ደነገገ። ሁለተኛው ለሴቶች የተገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ከፍ አደረገ፤ በሚስት ላይ ሚስት መደረብን ገደበ፤ ሴት ልጅም ከወንድሟ እኩል እንድትወርስ ፈቀደ። በዚያው ዓመት ሐኪሟ ናዚሃ አል ዱላይሚ ሚኒስትር ሆና ተሾመች። ኩርድም ሴትም ለሆነች ልጅ ሁለቱም በሮች በአንድ ጊዜ የተከፈቱ ይመስል ነበር።

ዳሩ ግን ሁለቱም ቃል ኪዳኖች ብዙ አልቆዩም። እ.ኤ.አ. በ1961 በመንግሥትና በሙላ ሙስጠፋ ባርዛኒ በሚመሩት ኩርዶች መካከል ጦርነት ተቀሰቀሰ። በ1963 የባዝ ፓርቲ የተሳተፈበት መፈንቅለ መንግሥት ከተካሄደ በኋላ ደግሞ የእኩል ውርስ ድንጋጌው ከሕጉ ተሰረዘ። ለይላ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበረች። ፊደል የቆጠረችበት ዘመን የኩርድ መንደሮች ከአየር የሚደበደቡበት ዘመን ሆነ።

ባዝ እ.ኤ.አ. በ1968 ዳግም ሥልጣን ያዘ። መንግሥት ጦርነቱን በኃይል መቋጨት ስላልቻለ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1970 ከኩርዶች ጋር ስምምነት ተፈራረመ። ስምምነቱ በአራት ዓመት ውስጥ ራስን የማስተዳደር መብት እንዲሰጥ፣ የኩርድ ቋንቋ የትምህርትና የሥራ ቋንቋ እንዲሆን፣ ከምክትል ፕሬዚዳንቶች አንዱ ኩርድ እንዲሆን፣ በኩርዶች ምድርም የመሬት ይዞታ ማሻሻያው እንዲፋጠን የሚያዝዝ ነበር። ለገበሬው መሬት፣ ለተማሪው ቋንቋ ተስፋ ተሰጠ።

ለይላ ወደ ባግዳድ የሄደችው በዚህ የተስፋ ዘመን ነው። በባግዳድ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ማጥናት ጀመረች፤ የኩርድ ተማሪዎች ኅብረት አባል ሆነች፤ የኩርዲስታን ዴሞክራሲያዊ ፓርቲንም ተቀላቀለች። የገበሬ ልጅ ከሩቅ አውራጃ መጥታ በዋና ከተማ ዩኒቨርሲቲ መቀመጧ ራሱ ቀላል ነገር አልነበረም። እርሷ ግን ትምህርቷን ይዛ ወደ ግል ኑሮዋ ብቻ አላተኮረችም። የታገለችው በድንበር ምሽግ ሳይሆን በመንግሥቱ መቀመጫ፣ የደኅንነት ሰዎች በሚርመሰመሱበት ከተማ መካከል ነው።

አራቱ ዓመታት እያለቁ ሲሄዱ ተስፋው መነመነ። በነዳጅ ዘይት የበለጸገችው ኪርኩክ ለማን ትሁን የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ ቀረ። በነዚያው ዓመታት መንግሥት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፌይሊ ኩርዶችን፣ የለይላን ወገኖች፣ ከቤት ንብረታቸው እየነቀለ ወደ ኢራን ሰደደ። እ.ኤ.አ. በማርች 1974 መንግሥት የራስ ገዝ አስተዳደር ሕጉን በራሱ ፈቃድ አውጥቶ ባርዛኒ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲቀበሉ ጠየቀ። እርሳቸውም አልተቀበሉም፤ ጦርነቱም እንደገና ነደደ።

ብዙ የኩርድ ተማሪዎችና መምህራን ትምህርታቸውን ጥለው ታጋዮቹ ወደያዙት ተራራማ ስፍራ ሄዱ። ከሱሌይማኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጡት በቃላዲዛ ከተማ ሲሰባሰቡ፣ እ.ኤ.አ. አፕሪል 24 ቀን 1974 የመንግሥት አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ ተማሪዎችን ጨምሮ ብዙ ሰላማውያን ሰዎች አለቁ። ለይላና ጓዶቿ በባግዳድ የተያዙት ከዚህ ጥቃት ጥቂት ቀናት በኋላ ነው።

መንግሥት አውሮፕላን ለመጥለፍና በአገር ላይ ጉዳት ለማድረስ አሢረዋል ሲል ከሰሳቸው። ኩርዶች ክሱን አይቀበሉም፤ ተማሪዎቹ የተቀጡት በፖለቲካ አቋማቸው ነው ይላሉ። የማያከራክረው ግን የፍርዱ ጥድፊያ ነው። ከተያዙበት ቀን ገመዱ እስከ ተዘረጋበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። በምርመራ ወቅት ስቃይ እንደ ደረሰባት፣ ወደ መሰቀያው ስትሄድም የኩርድን ባህላዊ ልብስ ለብሳ እንደ ነበር በወገኖቿ ዘንድ ይተረካል። የኩርዲስታን ሙሽራ የሚለው ስያሜም ከዚህ ትረካ ጋር የተያያዘ ነው።

የለይላ ሞት ጦርነቱን ለኩርዶች ድል አላደረገውም። እ.ኤ.አ. በማርች 1975 ኢራቅና ኢራን በአልጀርስ ሲስማሙ፣ ኢራን ለኩርዶች ትሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቋረጠች፤ ትግሉም ተፈታ። እ.ኤ.አ. በ1988 የአንፋል ዘመቻ መንደሮችን አጠፋ፤ አዴላ ኻኑም ባስተዳደረቻት በሃላብጃም የመርዝ ጋዝ ወደ አምስት ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ፈጀ። የራስ ገዝ አስተዳደር እውን መሆን የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ነው።

ገመዱ ግን ሴቶቹን ወደ ጓዳ አልመለሳቸውም። ብዙ ኩርዶች ሴቶች ልጆቻቸውን ለይላ ብለው ሰየሙ። እ.ኤ.አ. በ1996 በሱሌይማኒያ ፔሽመርጋ በሚባለው የኩርድ ሠራዊት ውስጥ የሴቶች ክፍል ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2014 አይ ኤስ የተባለው ቡድን ሲወርር፣ የሶሪያ ኩርድ ሴቶች በኮባኒ ከተማ ከወንዶች እኩል ተዋግተው ከተማዋን ከመውደቅ ካዳኑት መካከል ነበሩ።

የሁለተኛው ቃል ኪዳን ጉዳይ ደግሞ በጦር ሜዳ ብቻ የሚያልቅ አልሆነም። በኢራቅ ኩርዲስታን የክልሉ ምክር ቤት መቀመጫ 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን ተደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሕግ ቁጥር 8 የቤት ውስጥ ጥቃትን፣ የግዳጅ ጋብቻንና የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል አድርጓል። ሆኖም በቤተሰብ ክብር ስም ሴቶችን መግደል እስከ ዛሬ አልቆመም፤ ድንበር ጠብቃ የተመለሰች ሴትም በቤቷ መብቷን ለማስከበር የምትቸገርበት ጊዜ አለ።

ለይላ በልጅነቷ የተገባላት ቃል በወረቀት ላይ የሰፈረ ነበር፤ የሻሩትም ወረቀቱን የጻፉትን የተኩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ የኩርድ ሴቶች የሚጠይቁት ተጨማሪ ቃል ኪዳን አይደለም። የሚጠይቁት በምክር ቤት የጸደቀው ሕግ ከከተማው አዳራሽ አልፎ፣ ለይላ እንደ ተወለደችበት ባለ የገጠር ቤት ደጃፍ እንዲደርስ ነው።